ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መምሰል አለበት? ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጁሪ (ተማሪዎች ሥራቸውን አቅርበው የሚገመገሙበት ቀን) ሲቃረብ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ለዚህ ዕትም ስድስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው በብዙ ተማሪዎች የሚነሣ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። የተሰጠን ሥራ ለአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ 60 አንባቢና 8,000 መጻሕፍት ይይዛል። ቦታው 30 በ40 ሜትር ሲሆን ከሰሜን ወደ ደቡብ በረጅሙ 3 ሜትር ይወርዳል። መንገዱ በታች በኩል ነው። ኮንሰፕቴ (የዲዛይኔ መነሻ ሐሳብ) «የተገለጠ መጽሐፍ» ስለነበረ ጣሪያውን በሁለት ክንፍ ከፈትኩት። መምህራኖቼ ግን «ይህ ቅርጽ እንጂ ሐሳብ አይደለም» ብለው መለሱኝ። ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶኛል። ኮንሰፕት ከየት ነው የሚመጣው?
እኅታችሁ ሀ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ መምህራኖችሽ ልክ ናቸው። መጽሐፍ የሚመስለው ጣሪያሽ አንባቢው የት እንደሚቀመጥ፣ ብርሃኑ በየት እንደሚገባ፣ የክረምቱ ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ አንዱንም አይወስንልሽም። ጀበና የሚመስል ቡና ቤት፣ ከበሮ የሚመስል አዳራሽም እንደዚያው ነው። ኮንሰፕት ብዙ ትንንሽ ውሳኔዎችን የሚያስከትል አንድ ትልቅ ውሳኔ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም ቦታውንና ፕሮግራሙን (ሕንፃው የሚይዛቸውን ክፍሎችና ስፋታቸውን) በቁጥር ሲሠሩት ነው። የራስሽን ቦታ ይዘን እንሞክረው።

በስፋቱ ጀምሪ። ጠረጴዛ፣ ወንበርና መተላለፊያ ተደምሮ ለአንድ አንባቢ 2.5 ካሬ ሜትር ያዢ፤ ለ60 ሰው 150 ይሆናል። በአንድ ሜትር መደርደሪያ ላይ በአማካይ 30 መጻሕፍት ይቆማሉ፤ ስለዚህ 8,000 መጻሕፍት 267 ሜትር ገደማ መደርደሪያ ይፈልጋሉ። በሁለት ፊቱ የሚደረደርበት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና አምስት ረድፍ ያለው መደርደሪያ 9 ሜትር ይይዛል፤ 30 መደርደሪያ ይበቃሻል ማለት ነው። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከል ያለው መተላለፊያ 1 ሜትር ሲሆን ሠላሳዎቹ 43 ካሬ ሜትር ይወስዳሉ፤ ዋናውን መተላለፊያ ስትጨምሪ ወደ 60 ይደርሳል። ለመግቢያ፣ ለመዝጋቢው፣ ለሠራተኞችና ለመጸዳጃ 90 ብትይዢ ድምሩ 300 ነው። ለግድግዳና ለመተላለፊያ 30 በመቶ ሲታከልበት 390 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቦታሽ 1,200 ካሬ ሜትር ስለሆነ ፎቅ አያስፈልግሽም። ይህ በራሱ ትልቅ ውሳኔ ነው። የመጻሕፍት መደርደሪያ ከንባብ ክፍል ከሁለት እጥፍ በላይ ክብደት በወለሉ ላይ ይጭናል። ፎቅ ላይ ብታወጪው ሶሌታውም (የኮንክሪት ወለሉ) ቢሙም (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ) ይወፍራል፤ መሬት ላይ ሲያርፍ ግን ያ ችግር የለም።

ቀጥሎ ተዳፋቱን እይ። በ40 ሜትር 3 ሜትር መውረድ 7.5 በመቶ ነው። ቦታውን ሁሉ አንድ ወለል አድርገሽ ብታስተካክይው ላይኛው ጫፍ 1.5 ሜትር ይቆፈራል፣ ታችኛው ጫፍ 1.5 ሜትር ይሞላል፤ ቁፋሮው 450 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሁለት እርከን ብትከፍይው ግን በየእርከኑ የሚቆፈረው ከ75 ሳንቲ ሜትር አያልፍም፤ ጠቅላላው ወደ 225 ሜትር ኩብ፣ ልክ ወደ ግማሹ ይወርዳል። በሙሌት አፈር ላይ ያረፈ መሠረት እንደሚሰምጥና ግድግዳ እንደሚሰነጥቅም አትርሺ። ሁለቱ እርከኖች በሚገናኙበት መስመር ላይ 1.5 ሜትር የሚሆን ድጋፍ ግንብ ይቆማል።

ሐሳቡ የሚወለደው እዚህ ግንብ ላይ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ አንባቢ ከታችኛው እርከን ወደ ላይኛው እንዲደርስ ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ) ያስፈልገዋል። ተዳፋቱ ከ1 ለ12 መብለጥ ስለሌለበት 1.5 ሜትር ለመውጣት 18 ሜትር ይጠይቃል። በመካከሉ 1.5 ሜትር ማረፊያ፣ በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ 1.5 ሜትር ሲጨመር 22.5 ሜትር ይሆናል። የቦታሽ ወርድ 30 ሜትር ነው፤ በየጎኑ 3 ሜትር ለቀሽ 24 ይተርፍሻል። ስለዚህ ራምፑ ግንቡን ታክኮ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ መስመር ይገባልሻል። ብዙ ተማሪ ራምፕን በመጨረሻው ሳምንት በውጭ በኩል ይለጥፈዋል፤ ፕላኑም ይበላሽበታል። አንቺ ዋና መንገድሽ አድርጊው፦ አንባቢው ከታች ከመንገዱ ይገባል፣ መጻሕፍቱን በጎኑ እያየ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ የመረጠውን ይዞ ላይኛው ንባብ ክፍል ይደርሳል። «ከመጻሕፍት መካከል ወደ ብርሃን መውጣት» ብትዪ አሁን ቃሉ ከሥራሽ የወጣ ነው። የተገለጠ መጽሐፍ አያስፈልግሽም።

ራምፑ እዚያ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ከላይ የሚሰርገው ውሃ በክረምት ድጋፍ ግንቡን ያረጥበዋል፤ መደርደሪያ ካስጠጋሽበት መጻሕፍቱ ይሻግታሉ። ከግንቡ በስተጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር የጠጠር ንብርብር፣ ከሥሩም የተበሳ ቱቦ በሴክሽንሽ (ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ አሳዪ። ከሕንፃው በላይ በሰሜን በኩል ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይኑር። የታችኛው የመደርደሪያ ረድፍ ከወለሉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ፀሐይ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለአውሮፓ የተጻፉ መማሪያዎች እዚህ ያሳስታሉና። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት በስተሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በስተደቡብ። ታኅሣሥ 12 ገደማ የቀትር ከፍታዋ በደቡብ 57.6 ዲግሪ፣ ሰኔ 14 ገደማ በሰሜን 75.6 ዲግሪ ነው። ከፍታው 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት የቀትር ፀሐይ እንዳይገባበት በደቡብ በኩል ከላዩ 95 ሳንቲ ሜትር ጥላ ሲፈልግ በሰሜን 40 ይበቃዋል። በሰሜን ፀሐይ የምትወጣባቸው ወራት ደግሞ በአብዛኛው ደመናማ ናቸው። ስለዚህ የንባቡ ክፍል ላይኛው እርከን ላይ ሰፊ የሰሜን መስኮት ይኑረው፤ ታች ያለው የመጻሕፍት ክፍል የደቡብ ግድግዳው በአብዛኛው ድፍን ይሁን። በምሥራቅና በምዕራብ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ አግድም ጥላ አይሠራም፤ ቁመት ያላቸው መከለያዎች ያስፈልጋሉ፣ ወይም መስኮቱን ማጥበብ ነው።

ጣሪያውን ቆርቆሮ ብቻ ካደረግሽው በሐምሌ ዝናብ ማንም አያነብም። ከሥሩ የአየር ክፍተትና ድምፅ የሚውጥ ንብርብር ያለው ኮርኒስ ሥሪ። አሸንዳውንም አስልተሽ አሳዪ፤ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ካሬ ሜትር ጣሪያ 20,000 ሊትር ውሃ ያወርዳል። ከአንድ ችግር የተነሣ ጣሪያ እንዴት ሕንፃውን እንደሚመራ ለማየት በቡርኪና ፋሶ በጋንዶ መንደር ፍራንሲስ ኬሬ የሠራውን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥኚ። በ2001 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ከሸክላው ጣሪያ ከፍ ብሎ ለብቻው ስለቆመ የክፍሉ ሙቀት በመካከል ይወጣል። ሕንፃውን በሩቅ የሚያስለየው መልክም ከዚሁ የመጣ ነው። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. ታላቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ አግኝቷል።

የቀሩሽን ሦስት ሳምንታት እንዲህ ክፈያቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ኮምፒውተር ሳትከፍቺ በ1 ለ200 ሴክሽን ብቻ ሥሪ፤ ፕላን አትጀምሪ። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሴክሽኖች በትሬሲንግ ፔፐር ይውጡ፤ እያንዳንዱ ከ40 ደቂቃ አይብለጥ። ጊዜው ሲረዝም ሥዕሉን መውደድ ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያም መጣሉ ይከብድሻል። የተሻለውን መርጠሽ አዲስ ወረቀት ላዩ ላይ አንጥፊና የሚቀረውን ብቻ ቅጂ። ያልቀዳሽው ነገር የማያስፈልግ እንደነበረ በዚያ ታውቂያለሽ። ወረቀቶቹን ቁጥርና ቀን ጻፊባቸው፣ አንዱንም አትጣዪ፤ ጁሪ ላይ ሐሳብሽ እንዴት እንደተለወጠ የሚያስረዱልሽ እነሱ ናቸው። በአሥረኛው ቀን ዲዛይኑን መቀየር አቁሚ። የቀረው ጊዜ ለሥዕልና ለሞዴል ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ሞዴል ስሠራ ግድግዳዎቹ ይጣመማሉ፣ ማዕዘኖቹ አይገጥሙም፣ የመሬቱ ከፍታም ከሥዕሉ ጋር አይስማማም። ያለኝ ካርቶን፣ ፎም ቦርድ፣ ከተርና ነጭ ኮላ ነው።
ወንድማችሁ ቴ.፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሦስቱም ችግሮች መነሻቸው የካርቶኑ ውፍረት ነው፤ ከስኬሉ (ሞዴሉ ከእውነተኛው ሕንፃ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ ከሚናገረው ምጣኔ) ጋር ሳይዛመድ ተቆርጧል።

የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ በ1 ለ100 2 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ለ50 4 ሚሊ ሜትር ነው። በ1 ለ50 ባለ 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን ሁለት አድርገህ ለጥፍ። ማዕዘኑ የማይገጥመው አራቱንም ግድግዳ በውጭ ልኩ ስለምትቆርጥ ነው። በ1 ለ50 በውጭ 6 ሜትር የሆነ ግድግዳ 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚገባ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ 4 ተቀንሶ 112 መሆን አለበት። ከመቁረጥህ በፊት የትኛው ግድግዳ ውጭ አልፎ እንደሚሄድ፣ የትኛው መካከል እንደሚገባ ፕላኑ ላይ ምልክት አድርግ። ማዕዘኑ ላይ የካርቶኑ ጠርዝ እንዳይታይ ከፈለግህ ሁለቱንም በ45 ዲግሪ አሹል፤ ያኔ ግን ውጫዊ ልካቸው አይቀነስም።

መጣመሙ የነጭ ኮላ ነገር ነው። ኮላው ውሃ ስላለው የካርቶኑን አንድ ፊት ያሳብጠዋል፤ ሲደርቅ ያ ፊት ይሰበሰብና ካርቶኑን ይጎትተዋል። ኮላውን በቁራጭ ካርቶን እንደ ቅቤ በስሱ ቀባው፤ ሁለት ንብርብር ስትለጥፍ ሁለቱንም ፊት ቀብተህ ወዲያው ግጠም፣ በላዩም ከባድ መጻሕፍት ጭነህ ሌሊቱን ተወው። ካርቶን እንደ እንጨት በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል። ሁለቱ ንብርብሮች ይህ አቅጣጫቸው አንድ ሆኖ ሲለጠፉ መጣመሙ ይቀንሳል።

በከተር ባንዴ ለመጨረስ አትጫን። የ2 ሚሊ ሜትር ካርቶን አራት አምስት ጊዜ በቀላሉ ሲታለፍበት ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ባንዴ ስትጫን ምላጩ ይዘማል፣ ጠርዙም ያጋድላል። በሩንና መስኮቱን ግድግዳው ከትልቁ ካርቶን ሳይለይ በፊት አውጣ፤ ከተለየ በኋላ ግድግዳው ቀጭን ስለሚሆን መስኮቱ ጎን ላይ ይቀደዳል። የምላጩ ጫፍ ሲደንዝ ወዲያው ስበረው። የሻከረውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ማስመሪያህ ብረት ይሁን፤ ፕላስቲኩን ምላጩ ይልጠዋል።

መሬቱን በተመለከተ፣ በ1 ለ200 የአንድ ሜትር ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ በትክክል ይገጥማል። የግማሽ ሜትር ኮንቱር ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ2 ሚሊ ሜትር ካርቶን ከሠራኸው በስድስት ንብርብር 3 ሚሊ ሜትር ይጎድልሃል፤ 15 መሆን የነበረበት 12 ይሆናል፤ በመሬት ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። በርህ ከአፈር በላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቁሳቁሱን ከመግዛትህ በፊት ኮንቱሩን ከውፍረቱ ጋር አስማማ፤ ለምሳሌ በ1 ለ500 የአንድ ሜትር ኮንቱር 2 ሚሊ ሜትር ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ፎም ቦርድ ላይ ኃይለኛ ሽታ ያለው ሙጫ፣ እንደ ተራው ዩሁ ያለው፣ የመካከሉን ፎም ይበላዋል፤ ነጭ ኮላ ተጠቀም። ለመስታወት በምታስገባው ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ሱፐር ግሉ ነጭ ጭጋግ ይተዋል፤ በጠርዙ ላይ ባለሁለት ፊት ፕላስተር ይሻላል። ሰው አስገባ፦ 1.70 ሜትር ሰው በ1 ለ100 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያለ እሱ የሕንፃህን መጠን ማንም አይረዳውም።

ጥያቄ፦ ለደረጃ የያዝኩት ቦታ በርዝመቱ 4 ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር አለ። ሁሌ አይገባልኝም። ስህተቴ ምንድን ነው? መ.፣ ከጎንደር

መልስ፦ ቦታውን አስቀድመህ ያዝክ፣ ስሌቱን በኋላ ሠራህ። 3.06 ሜትር በ18 ሲካፈል የአንዱ ደረጃ ከፍታ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከፍታው ሁለት ጊዜ ተወስዶ መርገጫው ሲጨመርበት ከ60 እስከ 64 መሆን አለበት፤ በ30 ሳንቲ ሜትር መርገጫ 64 ይመጣል፣ ደኅና ነው። በሁለት ዙር ስትከፍለው በየዙሩ 9 ከፍታ አለ፤ መርገጫው ግን 8 ነው፣ የመጨረሻው ማረፊያው ራሱ ስለሆነ። 8 ጊዜ 30፣ 2.40 ሜትር። በሁለቱ ጫፎች 1.20 ሜትር ማረፊያ ሲታከል 4.80 ይሆናል። ያንተ 4 ሜትር ነውና 80 ሳንቲ ሜትር ያጥርሃል። የላይኛውን ማረፊያ ከኮሪደሩ ጋር ብታዋህደው ለደረጃው 3.60 ይበቃል፤ ያኔ ይገባል። ከማረፊያው በታች ለማለፍ ግን አትሞክር፤ 1.53 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ የሶሌታው ውፍረት ሲቀነስ ከ1.40 በታች ነው የሚቀረው። ሰው ለሚያልፍበት ቢያንስ 2.10 ሜትር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሥነ ሕንፃ እያጠናች ነው፣ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳለች። ሥራ ማስረከቢያ ሲደርስ ሦስት ቀን ሳትተኛ ትከርማለች፤ ባለፈው ጣቷን በምላጭ ቆርጣ መጣች። አሁን ደግሞ ውድ ላፕቶፕ ያስፈልገኛል ትላለች፤ አሜሪካ ያለው ወንድሜም ማክ ልላክላት ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እናቴ፣ ማኩ ከመላኩ በፊት ወንድምዎን ያስቁሙት። ሬቪትና ስሪዲኤስ ማክስ የሚባሉት የሕንፃ መሥሪያ ሶፍትዌሮች በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ልጅዎ በላይኞቹ ዓመታት ሁለቱም ሊያስፈልጓት ይችላሉ። ወንድምዎ መርዳት ከፈለጉ ዊንዶውስ ያለው፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ቢያንስ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲና ለብቻው የቆመ የግራፊክስ ካርድ ያለው ይላኩላት። አውቶካድና ስኬችአፕ ከዚያ ባነሰ ማሽንም ይሠራሉ፤ ካርዱን የሚፈልገው ሕንፃውን እንደ ፎቶ አድርጎ የሚያወጣው ሥራ ነው። ለአውቶካድና ለሬቪት ገንዘብ አያውጡ፤ አምራቹ አውቶዴስክ ለተማሪዎች በነፃ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ማደስ ብቻ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ የእጅ ሥዕል የበለጠ ይጠቅማታል። መግዛቱ ጥቂት ወራት ቢዘገይ አትጎዳም።

እንቅልፍ ማጣቱን እንደ ሙያው ወግ አይቀበሉት። ሥራው የሚከማቸው ዲዛይኑ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሲለዋወጥ ስለሚቆይ ነው። ስምንት ሳምንት ከተሰጣት ሁለቱን ለቦታ ጥናትና ለፕሮግራም፣ ሦስቱን ለዲዛይን፣ አንዱን የወሰነችውን በልክ ለማስተካከል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ለሥዕልና ለሞዴል ታውል። ሞዴሉ ከማስረከቢያው ቢያንስ አራት ቀን ቀድሞ ይለቅ። ጣቷ የተቆረጠው በድካምና በደነዘዘ ምላጭ ይመስለናል፤ የደነዘዘ ምላጭ ብዙ ስለሚገፋ ይንሸራተታል። ቤት ስትመጣ ይጠይቋት፦ «ዲዛይኑን ዘጋሽው ወይ?» ገና ነው ካለች ምን እንደቀራት ታስረዳዎት፤ ለሌላ ሰው ስታስረዳ ብዙ ጊዜ ራሷ ትወስናለች። መብራት ሲጠፋም ሥራዋ እንዳይጠፋ ፋይሉ በየአሥር ደቂቃው በራሱ እንዲቀመጥ ታስተካክል፣ ማታ ማታም በፍላሽ ትገልብጥ።

ጥያቄ፦ እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምማረው። የመመረቂያ ሥራዬ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማዕከል ነው። ፊት ለፊቱን የአክሱም ሐውልት፣ መስኮቶቹን የላሊበላ መስቀል ላደርጋቸው አስቤአለሁ። አማካሪዬ አልወደዱትም። እንዴት ኢትዮጵያዊ ላድርገው? ዮ.

መልስ፦ መልኩን ከመውሰድህ በፊት ከየት እንደመጣ እይ። በአክሱም ሐውልት ላይ ረድፍ ሠርተው የሚታዩት ክብ ጉብታዎች፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት፣ በመጀመሪያ ድንጋዩን ግድግዳ የሚያስሩ የእንጨት ግንዶች ጫፍ ነበሩ። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እውነተኞቹን ግንዶች ማየት ይቻላል። አባቶቻችን ራሳቸው የእንጨቱን መልክ ወደ ድንጋይ አሻግረውታል፤ ስለዚህ መውሰዱ ነውር የለውም። ግን አንተ በሲሚንቶ ቦርድ ላይ ስትለጥፈው ምን ይሸከማል? ምንም የማይሸከም ከሆነ አማካሪህ ልክ ናቸው።

ሰው በውስጡ ከሚያደርገው ተነሣ። የቡና ሥነ ሥርዓቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ረጅም ሰዓት የሚፈጅ፣ ዝቅ ብለው በክብ የሚቀመጡበት ነው። ከሰልና ዕጣን አለው፤ በተዘጋ የአሜሪካ ክፍል ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኻል፣ የከሰሉም ጋዝ አደገኛ ነው። ስለዚህ ወይ ራሱን የቻለ የጭስ መሳቢያ፣ ወይ ጣሪያ ያለው በረንዳ ያስፈልገዋል። ለቅሶ ሲደርስ በአንድ ምሽት ብዙ ሰው ይመጣል፤ በር አካባቢ ሰፊ መቆያ ካልሰጠኸው ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ይቆማል። የእንጀራው ማእድ ቤት እንፋሎት ይበዛዋል፣ ምጣዶቹም ብዙ ኃይል ስለሚስቡ ለየራሳቸው መስመር ይሳል። ክቡን የጎጃምና የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ከመልኩ ይልቅ በሴክሽኑ አጥናው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ በሦስት ቀለበት ሰውን ከውጭ ወደ ውስጥ ይመራል። የሐረር ቤት ደግሞ እንግዳን በተለያየ ከፍታ ባላቸው መደቦች ያስቀምጣል። ከእነዚህ አንዱን ወስደህ ለማዕከልህ መግቢያና አዳራሽ ብታውለው ሐበሻ ሲገባ ያውቀዋል።

ፀሐዩን ግን ከአገር ቤት አታምጣው። አንተ ያለህበት 39 ዲግሪ ገደማ ነው። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከፍታ 27.6 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በ2.70 ሜትር የመስኮት ራስ 5 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ አዲስ አበባ ላይ 1.70 ነው። በሰሜን በኩል የቀትር ፀሐይ በጭራሽ አይመጣም። በረንዳህን ወደ ደቡብ አዙረው።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር የሚያምር ሥዕል ሲታተም ደብዝዞ ይወጣል። ኤ1 ነው የማሳትመው። ል.፣ ከጅማ

መልስ፦ ስክሪን ላይ መስመሮቹን ቀለም ይለያቸዋል፣ ወረቀት ላይ ግን የሚለያቸው ውፍረት ነው። በሴክሽንና በፕላን የተቆረጠውን 0.5 ሚሊ ሜትር፣ ከበስተጀርባ የሚታየውን 0.25፣ ልክና ሙሌት መስመሮችን 0.13 አድርጊ። ቢጫና ቀላል ሰማያዊ መስመር ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥ የሚጠፋ ግራጫ ይሆናል፤ ሁሉንም ጥቁር አድርገሽ አውጪ። ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ለውጠሽ ውሰጂ፤ ማተሚያ ቤቱ ያንቺ ፊደል ከሌለው አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ከትልቁ በፊት ከሴክሽንሽ አንድ ክፍል ቆርጠሽ በኤ4 በትክክለኛው ስኬል አሳትሚና በ1.5 ሜትር ርቀት ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ እዪው። የተቆረጠው ግድግዳ ከዚያ ርቀት ለብቻው ካልታየ 0.5ቱን ወደ 0.7 ከፍ አድርጊ።